መርሳት ያቃተው ሰው

ባሌ ባየልኝ አይረሳም። ይህን የምለው ላሞግሰው አይደለም። ከማይረሳ ሰው ጋር ጎጆ የወጣች ሴት ብቻ ናት የምትረዳኝ። በሠርጋችን ማግስት በምን እንደተኳረፍን ዛሬም ቁጭ ብሎ ሊነግራችሁ ይችላል፤ እኔ መኳረፋችንንም ረስቼዋለሁ። ገለጉ ላይ አንድ ጊዜ ሻይ አብሮት የጠጣን ሰው ከስንት ዓመት በኋላ መተማ ዮሐንስ ቢያገኘው፣ "ያች ዓይኗን ያመማት አህያህ ተሻላት?" ብሎ ይጠይቀዋል። ሰውየው አህያ እንደነበረው ለማስታወስ ራሱ ቆም ብሎ ማሰብ አለበት።

ይሄ ሰው ነው እንግዲህ ሰሊጡ ሊታጨድ በደረሰ ሰሞን ፊቴ ቆሞ፣ "አሰበች፣ ዘንድሮ የግድ መርሳት አለብኝ" ያለኝ።

"ምኑን?" አልኩት።

"እሱን ካወቅሁትማ ምኑን ረሳሁት?"

ወባ የጀመረው መስሎኝ ግንባሩን ዳሰስኩት። ቀዝቃዛ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ቤተ እስራኤል ነን። በእኛ ሕግ መስጠት የደግ ሰው ጠባይ አይደለም፤ እንደ ጾምና እንደ ሰንበት ግዴታ ነው። ሌላው ቀርቶ በምጽዋት የሚኖር ድሃ እንኳ ከተሰጠው ላይ ቆንጥሮ መስጠት አለበት። ገበሬ ደግሞ በማሳው የሚጠየቅበት የራሱ ድርሻ አለው። የማሳውን ጥግ ሳያጭድ ይተዋል። ከእጁ የወደቀውን ጎንበስ ብሎ አይለቅምም። ሰብሉን ሲሰበስብ የረሳው ነዶ ካለ ደግሞ ተመልሶ አይወስደውም፤ የመበለት፣ የወላጅ አልባና የመጻተኛ ነው። ባየልኝ ጥጉን በየዓመቱ ይተዋል፤ የወደቀውንም አይነካም። ሦስተኛውን ግን በዕድሜው አንድ ቀን ፈጽሞት አያውቅም፣ ምክንያቱም ረስቶ አያውቅም።

"ታዲያ አንዱን ነዶ ትተህ ና!" አልኩት።

"አውቄ ከተውኩት ስጦታ ነው። ስጦታ ጥሩ ነው፣ ግን ሌላ ነው። ይሄኛው ሳያስቡት ካልመጣ አይሆንም።"

"ለሚቀጥለው ዓመት አይደርስም?"

እንዲህ ስል ራሴው ደነገጥኩ። የሚቀጥለው ዓመት የለማ! ወደ እስራኤል የምንሄድበት ተራ ደርሷል። እዚያ የሚኖረው ልጃችን ለይኩን ቤት አግኝቶልን፣ ስድስተኛ ፎቅ ነው ብሎ በስልክ በረንዳውን አሳይቶናል። በረንዳው ላይ አንድ የአበባ ማሰሮ አለ።

"መስጠቱን እዚያም እሰጣለሁ" አለ ባየልኝ። "መጾሙንም እዚያ እጾማለሁ። ይሄን ግን ከአበባ ማሰሮ ላይ ልረሳ ነው?"

ሳቄን ለቀቅሁት። እሱ ግን አልሳቀም። እናቱን እያሰበ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። እናቱ ሳንጃ አካባቢ ያለ ባል ያሳደገችው መበለት ነበረች። አዝመራ ሲያልቅ ይዛው ትወጣና ባለማሳዎቹ የረሱትን ማሽላ ትሰበስብ ነበር። "ማንም አልሰጠንም፣ ስለዚህ ለማንም አናጎነብስም" ትለው ነበር። ባየልኝ በሰው መርሳት ያደገ ልጅ ነው። እሱ ራሱ ለአንድም ሰው ሳይረሳ አገር መልቀቁ እንደ እሾህ ይወጋው ጀመር።

ለአጨዳው የመጡት ሠራተኞች የደጋ ልጆች ነበሩ። አለቃቸው ምናለ የሚባል ጎጃሜ ነው፤ አፉ ሲያርፍ ማጭዱ የሚያርፍ ይመስል ሲያወራ ይውላል። ባየልኝ ሰበሰባቸውና ጉዳዩን ነገራቸው፤ ሕጉ ጠንከር ያለ እንደሆነም አስረዳቸው። ሠራተኛው ረስቶ ባለቤቱ ካስታወሰ አይቆጠርም። ባለቤቱ ረስቶ ሠራተኛው ካስታወሰም አይቆጠርም። ሁሉም በአንድ ላይ መርሳት አለበት።

ምናለ እጁን አወጣ። "ጋሽ ባየልኝ፣ እኔ እስከዛሬ የሠራሁባቸው ጌቶች ሁሉ 'እንዳትረሱ' ነበር የሚሉን። የእርስዎን ሥራ ግን እችለዋለሁ፤ እናቴ ስታሳድገኝ ራስ የለህም ትለኝ ነበር።"

"እንግዲያውስ ተማም!" አሉ ሌሎቹ በመተማ ዓረብኛ፣ መልካም ማለታቸው ነው፤ ሥራው ተጀመረ።

ሰሊጥ ታጭዶ በነዶ በነዶ ይታሰራል፤ ነዶዎቹ ደግሞ ጫፋቸው ወደ ላይ ሆኖ ተደጋግፈው ይቆማሉ። የቆመውን ክምር ሂላ እንለዋለን። ሲደርቅ ፍሬው ከላይ አፉን ይከፍታል፤ ያኔ ሸራ ላይ ገልብጦ ማራገፍ ነው። የመጀመሪያዋን ሂላ ባየልኝ ራሱ አቆማት፤ አዲሶቹ ልጆች እንዲማሩባት በአንድ ጉማጅ እንጨት ዙሪያ ያቆማት ትንሽ ሂላ ነበረች። ቦታዋ ከመንገዱ ዳር፣ ከቁርቁራው ዛፍ አጠገብ ነው። በዚያ መንገድ ሌባ ስለሚያልፍ፣ የቆመ ሰው እንድትመስል አሮጌ ኮቱን ደረበላትና ባርኔጣ ደፋላት። ያ ኮት! ስንት ዓመት ሙሉ አቃጥለው እያልኩ የለመንኩት ኮት ነው። ያለ ጊዜው ዝናብ ሲያስፈራራን ደግሞ ከወገቧ በታች የሸራ ቁራጭ ጠቀለልንባት።

ምናለ አይቷት፣ "ይሄማ ወኪል ሆነ!" አለ። ወኪል እዚህ አገር ጌታው ሳይኖር ሠራተኛውን የሚቆጣጠር ሰው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠራተኞቹ ጠዋት ጠዋት ወደ ማሳው ሲገቡ፣ "ወኪል፣ እንደምን አደርህ?" ይሉት ጀመር። ሰነፍ ሲገኝ ለወኪሉ ይከሰሳል። እኔም አንድ ቀን ከባየልኝ ተጣልቼ ለወኪሉ አቤት ብያለሁ፤ ከባሌ ይልቅ እሱ በጸጥታ ሰማኝ።

ማራገፉ ሲደርስ ማስረሳቱም ተጀመረ። የመጀመሪያው ዘዴ የእኔ ነበር። ሥራው በተጧጧፈበት ሰዓት ሄጄ፣ "እህትህ በሠርጌ ቀን አንድ ጋን ጠላ ደብቃብኛለች!" ብዬ ጮህኩበት። ዞር ብሎ ጋኑ የማን እንደነበር፣ ማን እንደተሸከመው፣ ክዳኑ በምን እንደታሰረ ሲነግረኝ ቆየ። ተሳካልኝ ብዬ በሆዴ ስደሰት፣ ጀርባውን ለማሳው እንደሰጠ፣ "ምናለ! ከጉድባው አጠገብ ያለችውን ዘለላችኋት!" አለ።

ቀጥሎ ምናለ አረቄ ይሞከር አለ። ባየልኝ ጠጣ፣ ሞቅ አለው፣ መዝፈን ጀመረ። ዘፈኑን ልብ ብለን ስንሰማው ያልተራገፉትን ሂላዎች በተራ በተራ እየጠራ ነው የሚያሞግሳቸው።

በሦስተኛው ዓይኑን በነጠላዬ አስረን አሽከረከርነው። ልጆቹ እንደ እንዝርት አሾሩት። እኔ ሳይቀር እያሳቀኝ አሾርኩት። ከዚያ እጁን ይዘን ማሳውን ስናዞረው ዋልንና ፈታነው። እየተንገዳገደ አንዷን ሂላ አያት፤ "ይህች እንኳ ውባንተ ያሰራት ናት። ውባንተ ግራኝ ነው፣ ቋጠሮው ይታወቃል" አለ። ሠራተኞቹ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ባየልኝም አብሮ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት።

ይህን ሁሉ ጉድ ትርሐስ ከዳር ሆና ታየው ነበር። ትርሐስ ከተከዜ ማዶ መጥታ ከማሳችን አጠገብ ጎጆ የቀለሰች ሴት ናት። ባሏ በወባ ሞቶባታል። ለሠራተኞቹ ከርከደ የሚባለውን ቀይ የአበባ መጠጥና ሻይ እየሸጠች ሁለት ልጆቿን ታሳድጋለች። ኩራቷ ግን ለጉድ ነው! ባለፈው ዓመት አንድ ኬሻ ማሽላ በአህያዬ ብልክላት ማሽላውን ከነአህያው መለሰችልኝ፤ አህያውን ውኃ አጠጥታ። ድሆች መጥተው የሚያጭዱትን የማሳ ጥግ እንኳ፣ "ያልዘራሁትን አላጭድም" ብላ አትነካም። "እጄ ጤነኛ ነው" ትላለች፤ እጇን ዘርግታም ታሳያለች።

የመጨረሻው ኬሻ ተሰፋ። ማሳው ባዶ ሆነ። ትራክተሩ ተሳቢውን አስከትሎ መጣና እህሉ ተጫነ። ባየልኝ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

"እስቲ ምናልባት የረሳሁት ካለ ዞሬ ልይ" አለ።

"ዞረህ ካየኸውማ አስታወስከው! ምን ዓይነት ሰው ነህ?" አልኩት።

"እውነትሽን ነው" አለ። አንጀቴን በላኝ። ባሌ በእርሻ ጎበዝ፣ በቃሉ የታመነ፣ ሰው የሚያከብረው ሰው ነው፤ እዚያ ባዶ ማሳ ዳር ግን ፈተና እንደወደቀ ተማሪ ሆኖ ቆሟል።

ተሳቢው ላይ ልንወጣ ስንል ኮቱን አስታወሰ። አስታወሰ! ሌላ ምን ይጠበቃል? ሊያመጣው ሲራመድ እጁን ለቀም አደረግኩት።

"በሕይወቴ ሙሉ ከዚያ ኮት ጋር ኖሬአለሁ። እስራኤል ይዘኸው ብትገባ እኔ ከአውሮፕላኑ አልወርድም። ተወው!"

ትንሽ አሰበ። "እሺ፣ ያገኘው ይልበሰው። ኮቱንስ አውቄ ልስጥ" አለ።

እኔ ከኮቱ በመገላገሌ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ሰውየው ሐሳቡን ሳይቀይር ብዬ እየገፋሁ አሳፈርኩት። ሠራተኞቹ በሰልፍ ወኪሉን ተሰናበቱት። ምናለማ አቅፎ ግራና ቀኝ ሳመው፤ "ወኪል፣ በደህና ቆይ! ክፉ ቃል ሳይወጣህ አሠራኸን" አለው። ሠራተኞቹ እየዘፈኑ፣ ባየልኝ እየተከዘ፣ ቤታችን ወዳለበት ሽንፋ ገባን።

በማግስቱ ጠዋት ለጉዞ ጓዝ ስንሸክፍ ትርሐስ በሩን በርግዳ ገባች። ያ ኮት በክንዷ ላይ ነው። ላብ በላብ ሆናለች፤ ተቆጥታለችም።

"ጋሽ ባየልኝ! ሰው ንብረቱን እንዲህ ጥሎ ይሄዳል? ኮትዎን ነፋስ ወስዶት ልመልሰው ብሄድ፣ ከሥሩ ሙሉ ሰሊጥ ቆሟል! ከብት እንዳይገባበት ልጆቼን ዘብ አቁሜ ነው የመጣሁት።"

ባየልኝ በእጁ የያዘው ድስት ነበር፤ ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው። እንደገና የታመመ መሰለኝ።

"ወኪሉ..." አለ በሹክሹክታ። "አሰበች፣ ወኪሉ ሰሊጥ ነበር!"

"ወይኔ!" አልኩ። እውነቱን ነው! ወኪሉ ሰሊጥ ነበር! እኔ ኮቱን እንጂ ውስጡን መቼ አሰብኩ?

ባየልኝ ግን ገና አላመነም። በባዶ እግሩ ወጥቶ ሮጠና ጎረቤት ያደሩትን ሠራተኞች አንጋግቶ አመጣቸው። እንደ ዳኛ አንድ በአንድ መረመራቸው። እኔን ጠየቀኝ፤ በልጄ ማልኩ። ግራኙን ውባንተን ጠየቀ፤ ውባንተ ራሱን ነቀነቀ። ምናለ ዘንድ ሲደርስ ምናለ ዝም አለ። ምናለ! ዝም!

"ምናለ፣ ታውቅ ነበር?" አለ ባየልኝ። የአንድ ሰው ማስታወስ ሁሉን ያፈርሰዋል።

"ጋሽ ባየልኝ፣ እውነቱን ልናገር አይደል? እኔ ወኪሉን አልረሳሁትም። ሌሊቱን ሙሉ ስለ እሱ ሳስብ ነው ያደርኩት። ብቻውን ትተነው መጣን እያልኩ።"

"ሰሊጥ መሆኑን ነው የምልህ!"

"ምን ሰሊጥ?" አለ ምናለ። "ኧረ በሥላሴ! ወኪል መሆኑን እንጂ! ሰሊጥ መሆኑን ባውቅ እስመው ነበር?"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስተርክ አሁንም ሳቄ ይቀድመኛል። ባየልኝ ኮቱን ከትርሐስ ክንድ ነጥቆ ለበሰና እስክስታውን ያስነካው ጀመር። ያ ሰው! በልጃችን ሠርግ ትከሻውን ያልነቀነቀ ሰው! "ረሳሁ! ረሳሁ! እንደ ሰው ረሳሁ!" እያለ ድስቱን ዘለለው፣ ምናለን ሳመው፣ እኔን ሳመኝ፣ በሩ ላይ የታሰረችውን ፍየል ሳይቀር ሳማት። ሠራተኞቹ ያጨበጭባሉ። ጎረቤት የልጃችን ልጅ ተወልዶ መስሎት እልል እያለ ገባ።

ትርሐስ ግን ፊቷን አጥቁራ ቆማለች።

"ጨረሱ?" አለች። "አሁን ሰሊጥዎን መጥተው ይውሰዱ።"

"የእኔ አይደለም። የአንቺ ነው" አላት እያለከለከ።

"አወቅሁት!" አለች። "አወቅሁት እኮ! በማሽላ እንቢ ስላችሁ በዘዴ መጣችሁ። እርስዎ ነዎት የሚረሱት? የሟች ባሌን የጫማ ልክ እስከዛሬ የሚያስታውሱ ሰውዬ፣ ኮት ያለበሱትን ሂላ ረሳሁ ይሉኛል? ልጆቼን በለማኝነት አላሳድግም!"

የባየልኝ ደስታ ከፊቱ ላይ እንደ ጥላ ወረደ። ዕድሜውን ሙሉ ያልረሳ ሰው አንድ ቀን ቢረሳ የሚያምነው አጣ። ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ይለምነኛል።

እኔም ንዴቴ መጣ። ወደ ትርሐስ ሄጄ እጇን ያዝኩ። "ስሚኝ፣ ይሄ ሰው መዋሸት አይችልም፤ እንኳን አንቺን እኔንም ሸውዶኝ አያውቅም። ዓይኑን አስረን ያሾርነው ሞኞች ስለሆንን ነው? ትላንት ሽንፋ እስክንገባ ተሳቢው ላይ ሲያዝን የነበረውን ባየሽ ያስለቅስሽ ነበር። እስቲ ተመልከቺው! ያስመሰለ ሰው እንዲህ ሆኖ ይጨፍራል?"

ትርሐስ ተመለከተችው። ባዶ እግሩን፣ ባርኔጣ ሳይኖረው፣ ክንዱ የተተረተረ ኮት ለብሶ፣ ላቡ እየወረደ ቆሟል። ከንፈሯ ሊስቅ ፈለገና ያዘችው።

"እኔ አልሰጠሁሽም" አላት ባየልኝ በለሆሳስ። "ቢሆንልኝ ልሰጥሽ እፈልግ ነበር፤ ግን የእኔ ያልሆነውን እንዴት እሰጣለሁ? ከማሳው ወጥቼ መንገድ ስጀምር የአንቺ ሆኗል። ተመልሼ ብነካው ሌባ ነኝ። እናቴ እኔን ያሳደገችኝ እንዲህ ባለ ነዶ ነው፤ ማንንም አመስግና አታውቅም።"

"ታዲያ እኔ ማንን ላመስግን?"

"ማንንም! ከፈለግሽ ይህን አሮጌ ጭንቅላቴን።"

ያኔ ሳቋ አመለጣት። ትርሐስ ስትስቅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ጥርሷ ፍንጭት መሆኑንም ያን ቀን አወቅሁ።

ሁላችንም በትራክተሩ ወደ ማሳው ተመለስን። ትርሐስ ሸራዋን አነጠፈች፣ ወኪሉን ፈታችው፣ ነዶውን እየገለበጠች ማራገፍ ጀመረች። ባየልኝ ማገዝ አይፈቀድለትም፤ የድሃውን ድርሻ ባለማሳ ሊነካው አይችልም። እጁን ከኋላው ቆልፎ ይንቆራጠጣል። "ዝቅ አድርገሽ... አይ፣ አይ፣ ምንም አላልኩም፣ የራስሽ ነው፣ እንዳሻሽ!" ሲል ምናለ በሳቅ ሆዱን ይይዛል። ሰሊጡ ነጭ ሆኖ ሸራው ላይ ፈሰሰ፤ ልጆቿ እጃቸውን ከተቱበት።

ስትጨርስ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ሙሉ ዘገነችና ወደ ባየልኝ መጣች።

"ለመንገድዎ" አለች። "ይሄን አልረሳሁትም። እያወቅሁ ነው የምሰጥዎት።"

ባየልኝ ከኋላው የቆለፈውን እጅ ፈታ። ሁለቱን መዳፎቹን አጋጥሞ ወደ ፊት ዘረጋ። ዕድሜውን ሙሉ ሲሰጥ እንጂ እንዲህ ሆኖ ሲቀበል አይቼው አላውቅም። ጎንበስ አለ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ለማለት ሞከረ፤ ግማሹ ብቻ ወጣለት። እኔም በሳቅና በለቅሶ መካከል ሆኜ ነጠላዬን ዘረጋሁለትና ሰሊጡን ጫፉ ላይ ቋጠርኩት።

ስንመለስ ሽንፋ እስክንገባ ድረስ ክንዴን እየጎተተ፣ "አሰበች፣ አጥብቀሽ ቋጠርሽው? እንዳትረሺው" እያለ ሲነዘንዘኝ መጣ።